ሰው ቼዝ ሲጫወት በልቡ ምን ይላል? ጠባሴ ላይ ጮክ ብለን ስናስብ የሰማሁት

ቼዝ የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ "ስንት ሙቭ ቀድመህ ነው የምታየው?" ይላል። ጎበዝ ማለት አሥር፣ አሥራ አምስት እርምጃ አሻግሮ የሚያይ ሰው ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ጀማሪው ይህን ይዞ ይነሳና ርቀት ለማስላት ይታገላል፤ ከአፍንጫው ሥር ያለ ፈረሱ ሲበላ ግን አያይም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ለልጆቹ ቼዝ የሚያስተምር ወላጅ ወይም መምህር ካለም ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። አጨዋወቱን ገና ከለመደ ልጅ ጀምሮ ውድድር ላይ እስከሚቀመጥ ሰው ድረስ ሁሉም ዓይነት አለ። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ከታች ያሉትን አስተምራለሁ፣ ከላይ ያሉት ያስተምሩኛል። እዚያ የለመድነው አንድ ነገር አለ። አንድ አቀማመጥ ሰሌዳው ላይ እናስቀምጥና ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ የሚያስበውን ሁሉ እንዲናገር እናደርገዋለን። ያሰበውን ሳያሳምር፣ እንደመጣለት። ስልክ ላይ እንቀዳዋለን። ከዚያ ሌላው ይመጣና ያንኑ አቀማመጥ ያያል። የመጀመሪያው ሰው ያለውን አልሰማም። በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ላይ እናዳምጣለን።

ብርዱም ረድቶናል። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እጅ ከጋቢ ውስጥ አይወጣም። እጁ ጋቢ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እንጨቱን ቸኩሎ አይነካም። "የነካ ይጫወታል" የሚለው ሕግ ላይ ያን ያህል የማንጣላው በዚህ ይመስለኛል።

ይህ ጮክ ብሎ የማሰብ ነገር የእኛ ፈጠራ አይደለም። አድሪያን ደ ግሮት የሚባል ሆላንዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ እሱ ራሱ ለሀገሩ በኦሎምፒያድ የተጫወተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በጊዜው የነበሩ ታላላቅ ተጫዋቾችን አስቀምጦ የማያውቁት አቀማመጥ እያሳየ "የምታስቡትን ተናገሩ" ይላቸው ነበር። አሌኪን ነበረበት፣ ኦይቨ ነበረበት፣ ኬሬስ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ከነሱ ሌላ ደህና የሚባሉ የክለብ ተጫዋቾችንም ጠየቀ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 ሲያወጣው ዛሬም ድረስ ሰው የሚገረምበት ነገር ይዞ መጣ። ታላላቆቹ ከክለብ ተጫዋቾቹ ይህን ያህል አርቀው አላሰሉም፤ ያዩት የእርምጃ ብዛትም ያን ያህል አይበልጥም። የመረጡት እርምጃ ግን በጣም የተሻለ ነበር። ገና ሲጀምሩ ሐሳባቸው የሚያርፈው ዋናው ነገር ያለበት ቦታ ላይ ነው።

እኛም ከቀዳናቸው ድምፆች የሰማሁት ይህንኑ ነው። ሰዎቹን የሚለያቸው ራሳቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ከታች ልጀምር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ፈጣን ናት፣ ሁሉም እንጨት እንዴት እንደሚሄድ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጥቁር ይዛ ነበር። ነጭ ወታደሩን ኢ4 አለ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)፣ እሷ ኢ5። ነጭ ንግሥቱን ኤች5 ላይ አወጣ፣ እሷ የኢ5 ወታደሯን ለመጠበቅ ፈረሷን ሲ6 ላይ አደረገች። ነጭ ቢሾፑን፣ በሰያፍ የሚሄደውን እንጨት፣ ሲ4 ላይ አስቀመጠ። አሁን የእሷ ተራ ነው። እንዲህ አለች፤ "ንግሥቷ ቀድማ ወጥታለች። መምህሬ ንግሥት ቶሎ አትውጣ ብሎናል። እና ፈረሴን ኤፍ6 ላይ ባወጣው ንግሥቷን ይመታታል። ትሸሻለች። እኔ ደግሞ አንድ እንጨት በነጻ አወጣሁ ማለት ነው።" ፈረሷን አወጣች። ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በላች፤ ቢሾፑ ከኋላ ይጠብቃታል። ንጉሡ ማምለጫ የለውም፤ ማት።

ይህን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ልጅቷ ያለችው ነገር በሙሉ ትክክል ነው። ንግሥት ቶሎ አትወጣም፤ እንጨት እያወጡ ማጥቃት ጥሩ ነው፤ አንዱን ሕግ ከሌላው ጋር ያገናኘችበት መንገድም ያስደስታል። ነገር ግን ከአፏ ከወጣው ሁሉ አንድም ዓረፍተ ነገር ስለ ተቃዋሚዋ ሐሳብ አይደለም። "ንግሥቷ ለምን እዚያ መጣች?" አላለችም። "ቢሾፑ ሲ4 ላይ ሆኖ ወዴት ያያል?" አላለችም። ይህን ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር ከንጉሡ ሌላ ማንም እንደማይጠብቀው ታየው ነበር። ወታደሯን ጂ6 ላይ ትገፋና ንግሥቷን ታባርራታለች። ንግሥቷ ኤፍ3 ላይ ተመልሳ ያንኑ ማት ብታስብ፣ ያኔ ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ይወጣና መንገዱን ይዘጋል። ያው ፈረስ፣ ያው ቦታ፣ ከአንድ እርምጃ በኋላ።

ጀማሪን የምታስተምሩ ሰዎች እባካችሁ እዚህ ላይ ቆዩ። ለጀማሪ መክፈቻ ማስጠናት፣ የእገሌን መከላከያ እስከ አሥረኛው እርምጃ ማስሸምደድ ብዙ አይጠቅመውም። ተቃዋሚው እንጨት ባንቀሳቀሰ ቁጥር "አሁን ምን ተለወጠ? ምን ሊበላ ነው? ምኔ ሳይጠበቅ ቀረ?" ብሎ በቃሉ እንዲናገር አድርጉት። በቃሉ ነው ያልኩት። በልቡ ብቻ ሲሆን ይዘለዋል። ልጅቷ አሁን ይህን በሹክሹክታ ትለዋለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ እንጨት በነጻ የምትሰጥበት ጊዜ በጣም ቀንሷል።

ከጀማሪ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወጥመድ ይወዳል። ሐሳቡ "ይህን ካላየው አሸንፌዋለሁ" የሚል ነው። ተቃዋሚው ካየው ግን እንጨቱ መጥፎ ቦታ ላይ ቀርቷል። ይህ ደረጃ ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው ዓመታት ይቆይበታል፤ ምክንያቱም ከእሱ ያነሱትን እየረታ ስለሚሄድ የሚያስቸግረው ነገር የለም። ከሚበልጠው ሰው ጋር ሲቀመጥ ብቻ ነው ነገሩ የሚገለጥለት።

መካከለኛው ተጫዋች ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን ያለነው እዚህ ነው። ይህ ሰው ያሰላል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚያሰላው እሱ ነው። ይህን ለማሳየት ከሁሉ የሚሻለው አራት እንጨት ብቻ ያለበት አንድ አቀማመጥ ነው። ሪቻርድ ሬቲ የሚባል ታላቅ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1921 የሠራው ነው። ሰሌዳ ካላችሁ አስቀምጡት። ነጭ ንጉሥ ኤች8፣ ነጭ ወታደር ሲ6። ጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ጥቁር ወታደር ኤች5። ነጭ ይጀምራል፤ አቻ መውጣት አለበት። ወታደር የሰሌዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ንግሥት እንደሚሆን አትርሱ።

ልጅቷ "ንጉሡ ወታደሩን ያባርረው" አለችና በኤች መስመር ቁልቁል አስሮጠችው። አልደረሰበትም። "ተሸነፈ" ብላ ተነሳች።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ተቀመጠ። ሒሳብ ነው የሚያጠናው፣ ደህና ይጫወታል። ያለውን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ "የጥቁር ወታደር ንግሥት ለመሆን አራት እርምጃ ይቀረዋል። የኔ ንጉሥ ሁለት እርምጃ ዘግይቷል፤ አይደርስበትም። የኔ ወታደርስ? ሲ7 ብል ንጉሡ ቢ7 ይመጣና ይበላዋል። ንጉሤን ወደ ወታደሬ ባመጣውስ? ሩቅ ነው። በኤች ብሄድ... አይ፣ አይደርስም። ሲ7 ብል... ቢ7።" እንዲህ እያለ ሁለቱን መንገዶች እየተመላለሰ ቆየ። በመጨረሻ "ተሸንፏል፣ እርግጠኛ ነኝ" አለ። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ንጉሡ በእውነትም ወታደሩን አይደርስበትም። የራሱን ወታደርም ብቻውን ለማዳን አይደርስም።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። ቼዝ የለመዱት ወጣት ሳሉ ነው፤ ሬቲንግ (ይፋዊ የጥንካሬ ነጥብ) የላቸውም፣ እዚያ ቤት ግን የሚረታቸው ሰው ጥቂት ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ተማሪው ከጎናቸው ቆሞ ነበር፤ "ጋሼ፣ እባክዎ ጮክ ብለው ያስቡ እንጂ፣ እየቀዳን ነው" አላቸው። "ቆይ ልጄ፣ ገና እያየሁ ነው" አሉት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ወታደሩን ማሳደድ አይሆንም። የራሴን መርዳትም አይሆንም። ለየብቻ አይሆንም። ታዲያ ሁለቱንም በአንድ መንገድ የሚያስኬድ አለ ወይ? ንጉሥ በሰያፍ ቢሄድም በቀጥታ ቢሄድም የእርምጃው ቁጥር ያው ነው።" እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡና ንጉሡን ጂ7 ላይ አስቀመጡት።

መልሱ ይኸው ነው። ጂ7፣ ከዚያ ኤፍ6፣ ከዚያ ኢ5፤ ንጉሡ በሰያፍ ይወርዳል። በያንዳንዱ እርምጃ ወደ ጥቁር ወታደር ይቀርባል፣ ወደ ራሱም ወታደር ይቀርባል። ጥቁር ወታደር ኤች4 ደርሶ ነጭ ንጉሥ ኤፍ6 ላይ ሲቆም ጥቁር መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ወታደሩን ኤች3 ላይ ቢያስሮጥ፣ ነጭ ንጉሥ ኢ7 ይመጣል፤ ኤች2፣ ሲ7፤ ጥቁር ንጉሥ ቢ7፣ ነጭ ንጉሥ ዲ7፤ ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ፣ አቻ። ጥቁር ንጉሡን ቢ6 ላይ አምጥቶ የነጭን ወታደር ልብላ ቢል ደግሞ፣ ነጭ ንጉሥ ኢ5 ይመጣል፤ ሲ6 ላይ ያለው ወታደር ሲበላ ንጉሡ ኤፍ4 ላይ ገብቶ የጥቁርን ወታደር ይደርስበታል። ጥቁር ያቆመባት ያቺ አንዲት እርምጃ ነጭን አዳነችው።

ተማሪውና ጋሼ ያሰሉት ርቀት ያው ነው። እንዲያውም ተማሪው የበለጠ አስልቷል። የተለያዩት ተማሪው "ይህ ይሆናል? አይሆንም። ያ ይሆናል? አይሆንም" ሲል እሳቸው ከሁለቱ "አይሆንም" ተነስተው ሌላ ጥያቄ ስለጠየቁ ነው። ጥሩ ተጫዋች አንድ መንገድ ሲዘጋበት ለምን እንደተዘጋ ይይዛል፤ ያ ምክንያት ለሚቀጥለው መንገድ መነሻ ይሆነዋል። መካከለኛው የተዘጋውን ትቶ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳይሳሳት። ጎበዞችም ወደ አዩት መንገድ ይመለሳሉ። ደ ግሮትም ይህን አይቷል፤ ታላላቆቹ አንዱን መስመር አይተው ይተዉታል፣ ሌላ ያያሉ፣ ተመልሰው የመጀመሪያውን ያነሱታል። ነገር ግን ሲመለሱ አዲስ ነገር ይዘው ነው፤ ጠለቅ ብለው ይገባሉ። ተመልሶ ያንኑ ባዶ መንገድ መርገጥ ሌላ ነገር ነው። ይህ ደግሞ ሰዓት ይበላል። አሌክሳንደር ኮቶቭ የሚባል የሶቪየት ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ነው) በደንብ የገለጸው በሽታ አለ፤ ሰውየው ሁለት እርምጃዎችን እያመላለሰ ረጅም ጊዜ ያስባል፣ ሰዓቱ ሲያልቅበት ይደነግጣል፣ ከዚያ ጨርሶ ያላሰበውን ሦስተኛ እርምጃ ይጫወታል። ውድድር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የሚረዳው መጀመሪያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት እጩ እርምጃዎችን ለይቶ መያዝ ነው። "እነዚህ ናቸው፣ ሌላ የለም" ብሎ ይጀምራል፤ በየተራ ያያቸዋል፣ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይዘልም።

አሁን ወደ ጠንካሮቹ ልምጣ። ለሥራ ከአዲስ አበባ እየመጣ አልፎ አልፎ ከእኛ ጋር የሚቀመጥ ውድድር ተጫዋች አለ። ማስተር አይደለም፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ የፊዴ ማስተር ለመባል ሬቲንግ 2300 መድረስን፣ ግራንድማስተር ለመባል ደግሞ 2500 መድረስን ከሌላ መስፈርት ጋር ይጠይቃል፤ እሱ ከዚያ በታች ነው። ከእኛ ግን በጣም ይበልጣል። የእሱን ድምፅ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ስለ እርምጃ አለመጀመሩ ነው። "የጥቁር ንጉሥ ክፍት ነው። ይህ ቢሾፕ ሥራ የለውም፣ የራሱ ወታደሮች ዘግተውታል። የዲ መስመር ክፍት ነው፣ በሩክ ቀድሞ የሚይዘው ማን ነው?" ይላል፤ ሩክ በቀጥታ መስመር የሚሄደው እንጨት ነው። ይህን ሁሉ የሚለው ሰሌዳውን ባየ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ነው። እርምጃዎቹ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ፤ ያኔም ሁለት ወይም ሦስት ናቸው።

ይህን እንዴት በአንድ ጊዜ ያየዋል? ለዚህም ጥሩ ጥናት አለ። ዊሊያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ ያሳዩና ይሸፍኑታል፤ ከዚያ ተጫዋቹ በትዝታው ሌላ ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ማስተሩ አብዛኛውን በቦታው ያስቀምጠዋል። ጀማሪው ጥቂት እንጨቶች ብቻ። ከዚያ እነዚያኑ እንጨቶች እንዲሁ በዘፈቀደ በትነው አሳዩዋቸው። ያን ጊዜ የማስተሩ ብልጫ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ማስተር የተለየ ትዝታ የለውም፤ የሚያስታውሰው ትርጉም ያለውን ነው። የመንዝ እረኛ በጎቹን ማታ ሲያስገባ ሳይቆጥር የትኛዋ እንደጎደለች ያውቃል፤ ማስተርም ሰሌዳውን የሚያየው እንዲሁ ነው። በወታደሮቹ መሃል የተሸሸገው ንጉሥ፣ ፊት ለፊቱ ያሉት ሦስት ወታደሮችና ከጎኑ ያለው ሩክ ለጀማሪው አምስት ነገር ናቸው፤ ለማስተሩ አንድ ነገር ናቸው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ብዙ። ፐዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) በብዛት መሥራት ለምን እንደሚረዳ ያስረዳል። አንዱን የፈረስ ሹካ (ፈረስ ሁለት እንጨት በአንዴ ሲያጠቃ)፣ አንዱን የታሰረ እንጨት (ከተነሳ ከኋላው ያለው የሚጋለጥበትን) ደጋግማችሁ ስታዩት ሳታስቡት የምትለዩት ቅርጽ ይሆናል። ለዚህ ግን ቀላል ፐዝሎችን ደጋግሞ መሥራት ከባዱን አንድ ጊዜ ታግሎ ከመተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከእኛ መሃል የተለወጡት ልጆች እንዲህ ያደረጉት ናቸው።

ይህ ችሎታ ግን ወጥመድም አለው። ቢላሊች፣ ማክሎድና ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ሥራ ይህን አሳይቷል። ለጠንካራ ተጫዋቾች የታወቀ ዓይነት ማት ያለበት አቀማመጥ ሰጧቸው፤ ንጉሡ በራሱ እንጨቶች ታፍኖ በፈረስ የሚሞትበትን ማት ሁሉም ያውቀዋል። እዚያው ሰሌዳ ላይ ግን በአጭር እርምጃ የሚያልቅ ሌላ ማትም ነበር። ብዙዎቹ የሚያውቁትን አገኙ፤ አጭሩን ሳያገኙት ቀሩ። ተጫዋቾቹ "የተሻለ ካለ እየፈለግን ነው" ሲሉ የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚቀዳው መሣሪያ ግን ዓይናቸው ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር የተያያዙት ቦታዎች ላይ እንደተተከለ አሳየ። እየዋሹ አልነበረም። ፈለግን ብለው ከልባቸው አምነዋል። ስለዚህ "ጥሩ እርምጃ ስታገኝ የተሻለ ፈልግ" የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ዓይናችሁን አንስታችሁ ሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ አሳርፉት፤ በእርግጥ ሌላውን ጫፍ እዩ። እኛ ጋ አንዳንዱ ከመቀመጫው ተነስቶ ከተቃዋሚው ጀርባ ቆሞ ሰሌዳውን ያያል። ይሠራል።

አሁን ከሁሉም ትልቁ ነው የምለው ነገር ላይ ደረስኩ። ሚሼል ካውሊና ሩት በርን፣ በወቅቱ ደብሊን የነበሩ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማስተሮችና ደካማ ተጫዋቾች የራሳቸውን እርምጃ እንዴት እንደሚፈትሹ አጥንተዋል። ደካማው እርምጃ ከመረጠ በኋላ ተቃዋሚው ለእሱ የሚመቸውን መልስ ይመልስልኛል ብሎ ያስባል። ማስተሩ ተቃዋሚው ያን እርምጃ የሚያፈርስበትን መልስ ይፈልጋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የቀዳናቸውን ድምፆች እንደገና አዳመጥኳቸው። ልክ እንደዚያው ነው። ልጅቷ "ትሸሻለች" አለች። ተማሪው በሌላ ጨዋታ "እሱ ይበላል፣ እኔ እበላለሁ፣ አንድ ወታደር አተረፍኩ" አለ፤ ተቃዋሚው ግን መብላት ግዴታው አልነበረም። የአዲስ አበባው ሰው ግን የሚወደውን እርምጃ ካገኘ በኋላ ድምፁ ይለወጣል። "እሺ፣ ይህን ተጫወትኩ። አሁን እኔ እሱ ነኝ። ይህን እንዴት ነው የማበላሸው?" ይላል። ከዚያ በተቃዋሚው ወንበር ላይ ሆኖ ከልቡ ይፈልጋል። ካጣ ይጫወታል። ካገኘ ሳያዝን እርምጃውን ይጥለዋል። እርምጃህን ሳታዝን መጣል መቻል፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከማስላት ይከብዳል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ኢንጂን፣ ቼዝ የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ይህን አያስተምራችሁም። ስቶክፊሽ የትኛው እርምጃ እንደሚበልጥ በቁጥር ይነግራችኋል፤ ጥያቄውን ግን አይጠይቅላችሁም። ጨዋታ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ከተቃዋሚያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ "እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?" በሉት። ማሽኑን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።

በነገራችን ላይ ጮክ ብሎ ማሰብ ለእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም። በድሮው የሀገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ዝም አይልም ነበር፤ ይመክር፣ ይከራከር ነበር። እኛ ሻይ ቤት ውስጥም ተመልካቹ ዝም በል ሲባል የሚከብደው ከዚያ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ውድድር ላይ ክልክል ነው፣ መከልከልም አለበት። ለመማር ግን ይህን የሚያክል ነገር የለም።

ራሳችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ብዙ አያስፈልግም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ አንድ ሰሌዳ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃል። ደብረ ሲናም ሁን፣ መሐል ሜዳም ሁን፣ ዓለም ከተማም ሁን፣ ይህ አይጠፋም። ደረጃችሁ የተለያየ ቢሆን ይመረጣል። የሚያስበውን ሰው አታርሙት፣ ፊታችሁንም አታሳዩት፤ ሰው ፊት ካየ መልስ መፈለግ ትቶ እናንተን ማስደሰት ይጀምራል። ዝም ካለ "ምን እያየህ ነው?" ብቻ በሉት። በኋላ ስታዳምጡ ትክክል መሆኑን ትታችሁ ሌላ ነገር ቁጠሩ፤ ስንት ጊዜ "እኔ" አለ፣ ስንት ጊዜ "እሱ" አለ። ጀማሪው ጋ "እሱ" የሚለው ቃል ሊጠፋ ይደርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆን አቀማመጥ ልስጣችሁና ላብቃ። ነጭ ንጉሥ ቢ6፣ ነጭ ወታደር ሲ6፤ ጥቁር ንጉሥ ኤ1፣ ጥቁር ሩክ ዲ5። ነጭ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1895 ግላስጎው ውስጥ ጋዜጣ ላይ በትንሽ ልዩነት ሲወጣ አቻ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ፈርናንዶ ሳቬድራ የሚባል እዚያው ይኖር የነበረ ካህን ነጭ እንደሚያሸንፍ አገኘ። ወታደሩ ስምንተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው "አለቀ" ብሎ ማሰብ ያቆማል። እዚያች ላይ የጥቁርን ወንበር ያዙና "አሁን እኔ እሱ ነኝ" በሉ።